«ጠርሙሱ ዛሬም ይፈላል፤ ቱቦው መቼ ነው የሚወጣው?»

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ የደላንታ ገበሬ ናቸው። ሳንባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኝቶ አዲስ አበባ ውስጥ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ኦፕራሲዮን ከሆኑ ዛሬ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። በቀኝ ጎናቸው ያለው ቱቦ እስካሁን አልወጣም። ሲያስሉ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል። አጠገባቸው የተኙት ሰውዬ በሦስተኛ ቀናቸው ወጥቶላቸው ሄደዋል። ሐኪሞቹ ‹ጠርሙሱን በቫልቭ ቀይረን ከነቱቦው ልንሸኛቸው እንችላለን› ብለውናል። እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ ቤቴ ወስጄ ላስታምማቸው አስቤአለሁ። መንገዱን ይችሉታል? ከነቱቦው እንዴት ይሰግዳሉ? ሲወጣስ በጣም ያማል? ወንድሜ ሽንት ቤት ሲወስዳቸው ውሃው እንዳይፈስ ብሎ ቱቦውን አጥፎ ይይዘዋል። ነርሷ ተቆጣችው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችንም።»

መልስ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዛሬውኑ መቆም ያለበት እሱ ነውና። ወንድምሽ ቱቦውን ሁለተኛ እንዳያጥፈው።

የአባትሽ ሳንባ ላይ ገና ያልተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በሚተነፍሱ ቁጥር ጥቂት አየር በዚያ ያመልጥና በሳንባውና በደረት ግድግዳው መካከል ይገባል። ያ አየር ከቱቦው በቀር ሌላ መውጫ የለውም። ቱቦው ሲታጠፍ እዚያው ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ሳንባውን ይጫነዋል፣ ከበዛ ደግሞ ልብንና ትልልቆቹን የደም ሥሮች ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ያኔ ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። እስካሁን ምንም ያልሆኑት የሚያመልጠው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ሽንት ቤቱም ቅርብ ስለሆነ ነው። ነርሷ የተቆጣችው ለዚህ ነው።

ወንድምሽ የፈራው ነገር ግን መሠረት አለው። ጠርሙሱ ከደረት በላይ ከፍ ካለ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ደረት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ማጠፍ አይደለም፤ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ከወገብ በታች ይዞ መሄድ ነው። አልጋ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ሰውዬው ይተኙ፣ ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ይቅር። ድንገት ከተገለበጠ ወዲያው አቁመው ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳሏቸው፤ በመካከል የገባው አየር ይወጣል። ከዚያ ለነርሷ ይነገራት። ነርሶች ጠርሙስ ሲቀይሩ ቱቦውን ለአፍታ በመቆንጠጫ ሲይዙት ታዩ ይሆናል፤ እሱ የሰከንዶች ሥራ ነው፣ የሚሠራውም የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ስለ ቱቦ የሚጠየቀው ሁሉ «ስንት ቀን?» ተብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ በቀን ቁጥር መመለስ አልወድም። ቱቦ የሚወጣው ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ አየሩ ሲቆም፣ ፈሳሹም ሲጠራና ሲያንስ። ሁለቱንም ጠርሙሱ ላይ ታነቢያቸዋለሽ። ዛሬ ማታ ስትገቢ ጎንበስ ብለሽ እይው።

ከአባትሽ ጎን የሚመጣው ቱቦ ጠርሙሱ ውስጥ ካለ ረጅም ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ የዘንጉ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ውስጥ ገብቷል። በክዳኑ ላይ ሌላ ክፍት ቀዳዳ አለ፤ አየሩ ወደ ውጭ የሚሄደው በሱ ስለሆነ በፕላስተር እንዳትሸፍኑት። ደረት ውስጥ ያለው አየር ውሃውን ገፍቶ ይወጣል፤ የውጩ አየር ግን ውሃው ስለሚከለክለው ወደ ደረት አይገባም። መሣሪያው ይኸው ነው። ቢውላው የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1875 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመናዊ ሣጥን መጥቷል፣ የሚያመልጠውን አየር በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል መሣሪያም አለ፤ ሁሉም ግን የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። በውሃ ጠርሙስ መታከም ያነሰ ሕክምና አይምሰልሽ።

አሁን በዘንጉ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ ተመልከቺ። አባትሽ አየር ሲስቡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጡ ዝቅ ይላል። ይህ ውዝዋዜ ቱቦው ክፍት መሆኑን ይነግርሻል። ውዝዋዜው ከጠፋ ወይ ሳንባው ደረቱን ሞልቶታል፣ ወይ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ ከጀርባቸው ሥር ተጣጥፏል። መጀመሪያ የሚታየው ሦስተኛው ነው፤ ፍራሹንና አንሶላውን ገለጥ አድርጊ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው። ቱቦውን ለመክፈት ብላችሁ በእጅ አትጭመቁት፣ አትለቡት።

ፈላ ያልሽው አየሩ ሲወጣ ነው። ዝም ብለው ሲተነፍሱም የሚፈላ ከሆነ የሚያመልጠው ብዙ ነው፤ ሲያስሉ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው። አንቺ የጻፍሽው «ሲያስሉ» ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይፈላ የነበረ ከሆነና አሁን ወደ ሳል ብቻ ከወረደ፣ ቀዳዳው እየጠበበ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ወንድምሽን «ዛሬስ? ከትናንቱ በረታ ወይስ ቀነሰ?» ብሎ በየጠዋቱ እንዲያይ የምመክረው። ቀንሶ የነበረው ድንገት እንደ ጉድ መፍላት ከጀመረ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ላልተው እንደሆነ ይታይ፤ ከላላ መጋጠሚያ የሚገባ አየርም ያፈላል።

ፈሳሹን በሚመለከት፦ በመጀመሪያው ቀን ደም የመሰለ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል። መጠኑን ስትለኩ ጠርሙሱ ሲጀመር ውሃ እንደተጨመረበት አትርሱ። 700 ላይ ደርሷል ብለው የሚደነግጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ 500 ውሃ ተጨምሮበት ከነበረ የወጣው 200 ብቻ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መስመር ማስመር ይበቃል። ድሮ ቱቦ የሚወጣው በ24 ሰዓት የሚወጣው ከ100 ወይም ከ200 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ነበር። ዛሬ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከሆነ እስከ 450 ሚሊ ሊትር ድረስም የሚያወጡ አሉ፤ የደረት ሽፋን በራሱ ፈሳሽ ያመነጫል፣ መልሶም ይመጥጠዋል፤ ቱቦው ራሱም ሽፋኑን እየቆረቆረ ፈሳሽ ያበዛል። ደም፣ መግል፣ ወይም ወተት የመሰለ ከሆነ ግን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አይወጣም። ወተት የሚመስለው ከምግብ የሚመጣውን ቅባት የሚሸከም ቧንቧ ሲጎዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ቅቤ ያለበት ምግብ ከበሉ በኋላ ግን ፈሳሹ ከነጣ ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳታድሪ።

ጎረቤታቸው በሦስት ቀን ወጡ፣ የኛ ግን ቀሩ ብለሽ ተጨንቀሻል። ሰውዬው ምን እንደተሠራላቸው አላውቅም፤ ከሳንባው ጠርዝ ቁራጭ ለምርመራ የተወሰደለት ሰው በማግስቱም ቱቦው ሊወጣለት ይችላል። የአባትሽ ሥራ ሌላ ነው። ውሃ የቋጠረው ከረጢት፣ ሃይዳቲድ ሲስት የምንለው፣ ለዓመታት ቀስ እያለ ሲያድግ አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ይጫናል፣ አንዳንዶቹንም ይበሳቸዋል። ከረጢቱ ሲወጣ የቧንቧዎቹ አፍ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ እያንዳንዱን ፈልጎ ይሰፋል፤ ግን ለዓመታት ተጨፍልቆ የቆየ የሳንባ ሥጋ ክርን እንደ ጤነኛው አይዝም። ስለዚህ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ አየር ማምለጡ ያለ ነገር ነው። በትንሽ ቀዳዳ ተሠራ ማለት ውስጥ የተሠራው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ያቆቤዩስ የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም የደረትን ውስጥ በቀጭን ቱቦ ማየት እንደሚቻል ያሳወቀው በ1910 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ካሜራ ተጨምሮበት ትልልቅ የሳንባ ሥራ መሠራት የጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ የጎድን አጥንት ተፈልቅቆ አለመከፈቱ ነው፦ ሕመሙ ይቀላል፣ ሰው ቶሎ ይነሳል። ሳንባው ራሱ ለመዳን የሚፈልገው ጊዜ ግን አያጥርም።

እኛ ከአምስት ቀን በላይ አየር ሲያመልጥ «የዘገየ» እንለዋለን። አባትሽ እዚያ ውስጥ ገብተዋል። ብዙው ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በትዕግሥት ይዘጋል። ሐኪሞቹ በመሳቢያ ማሽን ሊስቡት ይችሉ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ያፋጥነዋል ማለት ግን አይደለም፣ አንዳንዴ መሳቡ ራሱ ቀዳዳውን ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ሌላው ዘዴ ከራሳቸው ክንድ ደም ቀድቶ በቱቦው መልሶ ማስገባት ነው፤ ደሙ ሲረጋ ቀዳዳውን ይደፍናል። ተመልሶ ኦፕራሲዮን የሚገባው ጥቂት ሰው ነው። ሰባተኛ ቀን ላይ፣ ሲያስሉ ብቻ ለሚፈላ፣ ስለ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ማሰቢያው ጊዜ አይደለም።

ከነቱቦው መሸኘት የሚባለው ታዲያ ተገቢ ነው? በኔ አስተያየት አዎ፤ ግን ጥቂት ነገሮች ከተሟሉ ነው። ቫልቩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አየር የሚያሳልፍ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ጠፍጣፋ ላስቲክ አለ፣ አየር ሲወጣ ይከፈታል፣ ሊገባ ሲል ይገጥማል። ውሃ ስለሌለው ተገለበጠ አልተገለበጠ አያሳስብም፤ ሰውዬው እንደልባቸው ይራመዳሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ቫልቩ ላይ ሆነው ሆስፒታል ይቆዩ፣ ራጅ ይነሱ፣ ሳንባው እንዳልወረደ ይታይ። ትኩሳት ከሌላቸው፣ ከበሉ፣ ደረጃ ከወጡ፣ ትንፋሻቸው ካላጠረ፣ ይሂዱ።

ቫልቩን በእጅሽ ይዘሽ ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ አቅጣጫው፦ ላዩ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ከሰውነታቸው ወደ ውጭ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ቱቦውን ከማጠፍ የተለየ አይደለም። ሁለተኛ ከረጢቱ፦ ፈሳሽ ሲወጣ ልብስ እንዳያበላሽ ከጫፉ ላይ ከረጢት ይንጠለጠላል። ያ ከረጢት አየር ማስወጫ ያለው መሆን አለበት። ተራ የሽንት ከረጢት ጥርቅም አድርጎ ከተገጠመ አየሩ እዚያ ይሞላል፣ ከረጢቱ ይነፋል፣ ከሞላ በኋላ የሚመጣው አየር ደረት ውስጥ ይቀራል። ከረጢቱ ተነፍቶ ካየሽው ዝም ብለሽ አትለፊው። «ማስወጫው የት ነው?» ብለሽ ሳያሳዩሽ ከዋርዱ አትውጪ፤ እንዳይሸተት ብለው ማስወጫውን በፕላስተር የሚዘጉም አሉ፣ እሱም ይታይ።

ቦታውን በተመለከተ ምርጫሽ ትክክል ነው፤ ደላንታ ሳይሆን ደሴ። ቱቦ ማስገባትና ማውጣት የሚችል ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ የማይቻልበት ቦታ ላይ ከነቱቦ ሰው አልልክም። ሌሊት ችግር ቢመጣ ከደላንታ መኪና ፈልጎ ደሴ መድረስ ሌላ ፈተና ነው፤ ያም ላይ አምባው ከደሴ ከፍ ያለ ብርዳማ ደጋ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደሴ ላይ የሚቀበላቸው ሐኪም ማን እንደሆነ ይታወቅ። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል የሪፈር ወረቀት ይጻፉ፣ በስልክም ይነጋገሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ራጅ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን መንገዱ። ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ከወሎ የሚመጣ ታማሚ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነውና። ሰው የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ የሚበር አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢወርድ ቢወርድ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። በመኪና ስትሄዱ ግን ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ትወርዳላችሁ፣ ኮምቦልቻ ላይ 1,850፣ ደሴ ላይ እንደገና 2,500 አካባቢ ትወጣላችሁ። ከፍታ ሲጨምር የታፈነ አየር ያብጣል። ከአዲስ አበባ ጣርማበር ድረስ ያለው ልዩነት ደረት ውስጥ ተዘግቶ የቀረን አየር አንድ አሥረኛ ያህል ያሰፋዋል። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ታዲያ የሚያሰጋው ማን ነው? ቱቦው የተዘጋበት፣ ወይም ቱቦው ወጥቶ ውስጥ አየር የቀረበት ሰው። የሚሠራ ቫልቭ ያለው ሰው የሰፋው አየር በቫልቩ ይወጣለታል። ስለዚህ ከነቫልቩ በመኪና ጣርማበርን ማለፍ ይችላሉ፤ «ለመንገድ» ተብሎ ቱቦው በጭራሽ አይታሰርም። ጠርሙስ ይዞ ግን አይኬድም። አውሮፕላኑን ከነቱቦው አልመክርም። ከፍታው ስለሚበልጥ አይደለም፤ አየር ላይ አንድ ነገር ቢመጣ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለ ነው፤ አየር መንገዶችም የሐኪም ፈቃድ ሳያዩ አያሳፍሩም። ቱቦው ከወጣ በኋላም ሳንባው ሙሉ በሙሉ እንደገጠመ በራጅ ከታየ ጀምሮ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞላ አይብረሩ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተቻለ የሌሊት አውቶቡስ ሳይሆን የቀን መኪና ይሁን፤ ቱቦው ያለበት ቀኝ ጎን በበሩም በሰውም እንዳይገፋ አድርገው ይቀመጡ። የደህንነት ቀበቶው ቱቦውን እንዳይጫነው ፎጣ ከሥሩ አድርጉ። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ጥቂት ይራመዱ፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። የሕመም ማስታገሻውን ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይውሰዱ። ጣርማበር ላይ ስትደርሱ ትንፋሻቸውን እይ፤ ካጠረ መጀመሪያ ቱቦው ተጣጥፎ እንደሆነ እይና መኪናው ሳይዘገይ ቁልቁለቱን ይያዝ።

ሕመሙን ችለው ዝም ማለት ጀግንነት የሚመስላቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ ከደረት ኦፕራሲዮን በኋላ ግን ዝምታው ይጎዳል። ያመመው ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፤ አክታው ይጠራቀማል፣ የሳንባው ሥር ይጨማደዳል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ፓራሲታሞል አንድ ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ግራም ሳይበልጥ፣ ባይቆረጥ ይሻላል፤ ሲብስ ብቻ መዋጥ ደካማ ልማድ ነው። የከሱ ወይም የጉበት ችግር ያለባቸው ከሆነ መጠኑ ያንሳል፤ ሐኪሙን ጠይቂ። ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከታዘዘ ምግብ በልተው፣ ጨጓራና ኩላሊታቸው ደኅና ከሆነ ነው። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፤ አምጦ መቀመጥ ደግሞ ያንን ጎን ያሳምማል። ውሃ፣ ተልባ፣ አትክልት ይብዛ። ቱቦው በሁለት የጎድን አጥንት መካከል ሲያልፍ እዚያ የሚሄደውን ነርቭ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ከጡት በታች ወደ ሆድ የሚሄድ ማቃጠል ወይም መደንዘዝ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይቆያል። አዲስ በሽታ አይደለም።

በሚነቁበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው በአፍንጫ በጥልቀት ይሳቡ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያቆዩት፣ ያስወጡት። ሲያስሉ ትራስ ጎናቸው ላይ አቅፈው ጫን ያድርጉ። የቀኝ ክንዳቸውን በቀን ብዙ ጊዜ ከራስ በላይ ያንሱት፤ ሰው ቱቦውን ፈርቶ ክንዱን አጣብቆ ሲይዝ ትከሻው ይደርቃል፣ ኋላ የሚያስቸግረው እሱ ይሆናል። አልጋ ላይ «ይረፉ» ብሎ ማዋል እንክብካቤ አይደለም። ግቢ ውስጥ ይዙሩ።

ስለ ሶላት። ጠርሙሱ ላይ እያሉ ሱጁድ አይውረዱ። ግንባራቸው መሬት ሲነካ ደረታቸውም ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ግን ወለሉ ላይ እንደቆመ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ሊስተካከሉ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ቱቦውም ከሥራቸው ይታጠፋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው በአንገት ምልክት ይስገዱ፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ቫልቭ ላይ ከሆኑ የውሃው ስጋት የለም፤ የመታጠፉና የመጎተቱ ስጋት ስላለ ግን ቱቦው እስኪወጣ እንደዚያው ቢቀጥሉ እመርጣለሁ። ውዱእ ማድረግ ይችላሉ፣ ፋሻው እንዳይረጥብ ብቻ።

ደሴ ስትደርሱ ጠያቂ እንደሚጎርፍ አውቃለሁ። ቡናው ይፈላ፤ ጭሱ ግን እሳቸው ካሉበት ክፍል ይራቅ፣ እጣኑም፣ ሰንደሉም፣ የኩበቱም። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለዚህ ጊዜ ይተውት፦ እንቅልፍና ምግብ ይከለክላል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከትራማዶል ጋር ደግሞ በምንም መንገድ አይደባለቅ። ሲጋራ ካለ ስለሱ አልደራደርም። ምግብ፦ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት፣ ሥጋ፤ ቁስል የሚደርቀው በነዚህ ነው።

ሲወጣ ያማል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን የሚያመው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ማስታገሻ ይሰጣቸዋል። ሐኪሙ ያሰረውን ክር ይቆርጣል፣ «አየር ይሳቡና ይያዙ፣ ያምጡ» ይላቸዋል፣ በዚያ ቅጽበት ቱቦውን በአንድ ጊዜ ይስበዋል፣ ረዳቱ ቀድሞ የተቀመጠውን ክር ያጠብቃል፣ ፋሻ ይለጠፋል። በአልጋ ላይ ሆነው አንድ ሁለቴ ቢለማመዱት ይቀላል፤ መሃል ላይ አየር የሚስብ ሰው የውጩን አየር በቀዳዳው ያስገባል። ከዚያ ራጅ ይነሳሉ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሲያስሉ ከቀዳዳው ቢጫ ፈሳሽ ፈንጥቆ ልብስ ሊያረጥብ ይችላል፤ የቀረው ፈሳሽ ነው፣ ፋሻ ቀይሩ። ክሩ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ገላቸውን ከሁለት ቀን በኋላ መታጠብ ይችላሉ፤ ገንዳ ውስጥ መግባትና ጠበል መዘፈቅ ወይም ወንዝ መግባት ግን ቁስሉ ሳይደርቅ አይሆንም።

ቱቦው በአጋጣሚ ከቫልቩ ቢላቀቅ ጫፉን በአልኮል ጠርገሽ መልሰሽ ግጠሚው፤ ካልገጠመ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ክተቺው፣ ዕቃው ከደረታቸው በታች ይሁን፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሙሉ በሙሉ ከጎናቸው ከወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ ሸፍኚና በሦስት ጎን ብቻ ለጥፊው፣ አንዱ ጎን ክፍት ይቅር፤ ወዲያው ሂዱ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ የልብ ምት መፍጠንና ራስን መሳት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ ትኩስ ደም፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም ሲመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። አንገት ወይም ደረት ላይ ቆዳ ተነፍቶ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ቢንኮሻኮሽ አየር ከቆዳ ሥር ገብቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ከሆነ በራሱ ይጠፋል፣ እየጨመረ አንገትና ፊት ከደረሰ ግን ቱቦው ሥራውን እየሠራ አይደለምና በቶሎ ይታይ።

ቱቦው ወጥቶ ራጁ ደኅና ከሆነ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ደሴ ቢቆዩና ወደ ደላንታ ቢመለሱ ጥሩ ነው። ለአንድ ወር ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሱ። ሞፈር ለመያዝ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ይጠብቁ፤ እርሻው ላይ ከበሬ ጋር መታገል የሚጎትተው ያንኑ ጎን ነው።

የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ታዝዞላቸው ይሆናል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ሰውነት ይገባልና በባዶ ሆድ አይዋጥ። የጉበትና የነጭ ደም ሴል ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡት። ከረጢቱን ያመጣው ትል ከውሻ ነው የሚመጣው፤ ውሻው ደግሞ የሚያገኘው ከተጣለለት የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ነው። በዓል ሲመጣ ያንን ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ የግቢውን ውሾች የእንስሳት ጤና ባለሙያ መድኃኒት ይስጣቸው። አንቺም ወንድምሽም እዚያው ግቢ ካደጋችሁ፣ ደሴ አባትሽን ስታመላልሺ የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ ተነሱ።